ማን አስታረቀን?

አጎቴ ፕሮግራሜን በእርግጥ ይጠረጥሩት ነበር ወይስ እያወቁ ያታልሉኝ ነበር? ዛሬም መልሱን አላውቅም።

የአገራችንን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ በስልካቸው እንዲጫወቱ ሠርቼላቸው ነበር። ፈረሳቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሱ፣ ፕሮግራሙ ያለጊዜው «አቻ ወጣችሁ» ይላል። ወዲያው ይደውሉልኛል፤ «ስሚ አንቺ፣ ማን አስታረቀን? ይሄ ዕቃሽ ሌባ ነው፤ ነይና እዪው!»

አርብ አርብ ከምኖርበት ሰፈር ከቡላኦስ በሚኒባስ እሳቸው ሰፈር ሃያብለ እሄዳለሁ። አንዱን ስህተት ሳርም ሌላ ያገኙበታል። ሆን ብለው የሚፈልጉት ይመስለኝ ጀመር።

ካረፉ ወዲህ ፕሮግራሜን የሚጠረጥርልኝ የለም፤ አርብም ባዶ ቀን ሆኗል።

በአርባቸው ተዝካር ዕለት ጥርጣሬዬን ለባለቤታቸው ነገርኳቸው። «እትዬ፣ እኔን ለማስመጣት ነበር መሰለኝ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «እሱስ ይሁን ልጄ፤ አንቺ ያረምሽውን በስልክ መላክ ስትችዪ ለምን ትመጪ ነበር?»