ማሎኑ የተቃጠለ ዕለት

ውሃ የነካው አመድ ሲሸተኝ ዛሬም እግሬ ይያዛል። ያን ቀን ዐጋሚም ሰፈር እኛ ቤት ሳለሽ፣ ታች ሥጋ የጠበሱት ሰዎች ከሰሉ ላይ ውሃ ሲቸልሱ ሽታው በመስኮት ገባና ልጄን እንዳቀፍኩ ደርቄ ቀረሁ። ምን ሆነሽ ነው ብለሽኝ ነበር፤ ይኸው ልንገርሽ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስራኤል ስንመጣ ናታንያ ከተማ ያሳረፉን አንድ አሮጌ ማሎን ውስጥ ነበር፤ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ሆቴል። ከተማይቱ ገና ልጅ ሳለች የተሠራ ነው ይሉ ነበር። እኔ የማስታውሰው የደረጃውን የእንጨት መደገፊያ ልስላሴና ጨው ጨው የሚሸት መጋረጃ ነው። እናቴ ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት አትነሣም ነበር። "ይኼ ሁሉ ውሃ የማን ነው?" ትል ነበር አሉ። ቤት ሳይሰጡን ታመመች፤ እዚያው ክፍል ውስጥ አረፈች። አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበራትም።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ዓርብ ዓርብ ከሥራ ሲመለስ ማሎኑ ፊት ቆሞ ሽቅብ መስኮቱን ያይ ነበር። ማሎኑ ተዘግቶ በሩ በጣውላ ሲመታም አልቀረም። አንዳንዴ አብሬው እሄዳለሁ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሚላት ግን ጠይቄው አላውቅም።

እሳቱ የተነሣው ከፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ወዲህ ነው፤ እኔ ትምህርት ልጨርስ ስል። የበረሃው ነፋስ ፊት ይለበልባል። ከክፍል ስንወጣ ጥቁር ጢስ ከባሕሩ በላይ ተንጠልጥሏል፤ ከየት እንደሆነ ሳይነግሩኝ ገባኝና ሮጥኩ።

አባቴ ቀድሞኝ ደርሷል። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ የአንዱን እሳት አጥፊ እጅጌ ጨምድዶ ይዞ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጡ "ኢሽቲ ለማላ! ኢሽቲ ለማላ!" ይላል። ባለቤቴ ፎቅ ላይ ናት ማለቱ ነው።

የሰውየው ፊት ተለዋወጠ። "ስንተኛው ፎቅ?"

አባቴ በጣቱ አሳየው። ሰውየው ጓደኞቹን ተጣርቶ ወደ በሩ ሲራመድ በመሃል ገባሁ።

"አትግባ! ማንም የለም!" አልኩት በዕብራይስጥ። "እናቴ ሞታለች። ድሮ ነው፣ ልጅ ሳለሁ።"

"ሞታለች" የምትለዋን የዕብራይስጥ ቃል አባቴ ያውቃታል። እጁን ከሰውየው እጅጌ ላይ ቀስ አድርጎ አነሣ። ሰውየው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየና አቀርቅሮ ወደ ውሃ ቱቦው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ጣሪያው ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ሦስተኛው ፎቅ የቱ እንደነበር መለየት አቃተን።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "ሞታለች አልሽው?" አለኝ አባቴ።

"አዎ አባዬ። ሊገባ ነበር እኮ።"

"ደግ አደረግሽ። እሱም የሰው ልጅ ነው።"

ቤት ስንደርስ ወንበሩን ትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ። በሩ ክፍት ስለነበር ከእኛው ጋር በአንድ አውሮፕላን የመጣችው ጎረቤታችን አየችን። ያኔ እናቴን ካለቀሱላት ሴቶች አንዷ ናት።

"ምነው አባ? ምን ሆኑ? ማን ሞተብዎት?"

"ባለቤቴ" አላት።

ጎረቤታችን መቼ ብላ አልጠየቀችም። ጫማዋን ደጃፉ ላይ አወለቀች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ከጎናችን መሬት ላይ ተቀመጠች።