ነጭ ጨርቅ፣ ቀይ ጨርቅ

ዘንድሮ እዚህ እስራኤል ዝናቡ ዘግይቶ ካርሜል ተራራ ላይ እሳት ተነሳ። እኔ የምኖረው ተራራው ሥር፣ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ነው፤ ጭሱ መስኮት አላስከፍት ሲል የልጅ ልጄ አቪታል ባሕሩ አጠገብ ክርያት ያም ወዳለው ቤታቸው ወሰደችኝ። በማግስቱ ጠዋት ክንዴን ደግፋ ወደ ባሕሩ ዳር አወረደችኝ። ቢጫ አውሮፕላኖች እየመጡ፣ ሆዳቸውን ውሃው ላይ አስነክተው ይቀዱና ወደ ተራራው ይመለሳሉ። ከነሱ በፊት ግን አንዲት የፖሊስ ጀልባ ትመላለሳለች፤ ዋናተኛውንም ዓሣ አጥማጁንም በድምፅ ማጉያ እየጮኸች ታባርራለች። ሰው ሁሉ አውሮፕላኑን ያያል። እኔ ጀልባዋን አያለሁ።

«አባባ፣ የጉማሬውን ታሪክ ንገረኝ፤ ልቅረጽህ» አለችኝ ስልኳን አውጥታ። «አንተ» ስትለኝ ድሮ ይከፋኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

የጉማሬው ታሪክ በቤታችን የታወቀ ነው። የስግድ በዓላችን ጾም ተፈትቶ ሰው ከጠገበ በኋላ ልጆቼ ይጠይቁኛል፤ እኔ እናገራለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ሁሉም ባንድ አፍ «ጉማሬውስ ተረፈ?» ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ይህን ያህል ዘመን ስቄያለሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት ነው። ሃያ ዓመት ሞልቶኛል፤ ጎርጎራ ጣና ዳር እሠራለሁ። አንድ ትንሽ ድርጅት ነበር፤ ያለው አንዲት አውሮፕላን ብቻ። በጎማ ፋንታ ሁለት ታንኳ የሚመስል እግር ነበራትና ውሃ ላይ ታርፋለች። የአገሩ ሰው ዳክዬዋ ይላታል። ደብዳቤ፣ መድኃኒትና እንግዳ ይዛ ከጎርጎራ ደቅ ደሴት፣ ከደቅ ባሕር ዳር ትመላለሳለች። የሚያበራት ካፒቴን ሙሉጌታ የሚባል፣ ጢሙን አሳምሮ የሚቆርጥ፣ ቀልደኛ ሰው ነው።

ካፒቴኑ ከሰማይ ሆኖ ብዙ ያያል፤ በውሃው ልክ የተኛ ግንድ ግን አይታየውም። እሱን የምመለከትለት እኔ ነኝ። ሊያርፍ ሲል በታንኳ የማረፊያውን መንገድ እስከ ዳር እቀዝፋለሁ፤ እንጨቱን እሰበስባለሁ፤ ነፋስ ያመጣውን ደንገል እጎትታለሁ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ጨርቅ አነሳለሁ። ነጭ ከሆነ ውረድ፣ ቀይ ከሆነ አትውረድ ነው። እሱ የሚያምነው ሞተሩንና የኔን ጨርቅ ነበር።

እኛ ቤተ እስራኤሎች የውጭ ሰው ያበሰለውን አንበላም፤ ከነካንም ሳንታጠብ መንደራችን አንገባም። ብዙ ሰው በዚህ ይቀየመናል። ካፒቴኑ ግን ዓሣ ጠብሶ ሲበላ ለኔ ከዘጌ ብርቱካን ያመጣልኛል፤ ሳይልጥ ድንጋዩ ላይ ያስቀምጥልኝና «በል መልኬ፣ እጄ አልነካህም፤ ቄሳችሁም አይቆጡህ» ይለኛል። ያን የብርቱካን ሽታ ዛሬም ገበያ ውስጥ ሲገጥመኝ ቀና ብዬ አላልፍም። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ለኔ ብሎ በዘጠኝ ሰዓት ይመለሳል። ከሐይቁ እስከ መንደሬ አንድ ሰዓት ያስኬዳል፤ ታጥቤ፣ ልብሴን ለውጬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰንበትን መቀበል አለብኝ።

አንድ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ አሥርም አለፈ። ምጥ የጠናባትን ሴት ከደቅ ወደ ባሕር ዳር ይዞ እንደሄደ እኔ አላወቅሁም። መንገዱን በስምንት ሰዓት ጠርጌዋለሁ። ካረፈደ እንደገና መጥረግ ነው ደንቡ፤ ነፋስም ተነስቶ ነበር። ሞተሩን ስሰማ አሥራ አንድ ሊሆን ነው። ፀሐይዋን አየኋት፤ ታንኳውን አየሁት። ከቀዘፍኩ ሰንበት መንገድ ላይ ትገባብኛለች። ነጩን ጨርቅ አነሳሁ።

ነፋሱ ውሃ የጠጣ አሮጌ ታንኳ አምጥቶ ኖሯል። አንዱ እግሯ ሲቀደድ ድምፁ እንደ ሸማ መተርተር ነበር። ዳክዬዋ በክንፏ ተደፋች። ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ካፒቴኑን አወጡት። ዳር ሲያደርሱት ክንዱ ተሰብሯል፤ ደህናውን እጁን እንድይዝለት ወደኔ ዘረጋ። ወደኋላ ሸሸሁ። ከነካሁት መታጠብ ነው፤ ሰዓት የለኝም ብዬ። መትረፉን አየሁና ሮጥኩ። ለሰንበት ደረስኩ።

በማግስቱ እረፋዱ ላይ የድርጅቱ ሹም በላንድሮቨር መንደራችን መጣ። ካፒቴኑም ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ አብሮት አለ። ከአጥሩ ውጭ ቆሙ።

«የትኛውን ጨርቅ ነው ያነሳኸው?» አለኝ ሹሙ።

መልስ ሳልሰጥ አባቴ ቀደመኝ። «ጌታው፣ ዛሬ ሰንበት ነው። ልጄ በሰንበት አይዋሽም። የሚላችሁን ይዛችሁ ሂዱ።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ እውነቱን መናገር በሹሙ ፊት ብቻ ሳይሆን በአባቴ ፊት መዋረድ መሰለኝ።

«መጀመሪያ ነጩን አንስቼ ነበር» አልኩ። «ኋላ ጉማሬ ብቅ ሲል ቀዩን አነሳሁ። ካፒቴን አላዩኝም መሰለኝ።»

ካፒቴኑ በደህናው እጁ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«እኔ ያየሁት ነጭ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ፀሐይዋ ግን ከፊቴ ነበረች። ይሄ ልጅ ቀይ ካለ ቀይ ነው፤ ስንት ጊዜ በሱ ጨርቅ ወርጃለሁ። ዓይኔ ነው የከዳኝ።»

ከዚያ እኔ እንዳልጨነቅ ብሎ ይመስለኛል፣ ፈገግ አለና «ጉማሬውስ ተረፈ?» አለኝ። መንደሩ ሁሉ ሳቀ።

መብረሩን ተወ። ማንም አላስገደደውም አሉኝ። ሹሙ ሌላ አውሮፕላን እናመጣለን ቢለውም «ቀይና ነጭ በማይለይ ዓይን የሰው ነፍስ አልይዝም» ብሎ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ባሕር ዳር ሩቅ አይደለም፤ በጀልባ ይደረሳል። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ከዚያም ወደ እስራኤል መጣን። እዚህ ሃያ ምናምን ዓመት የፋብሪካ ወለል ስጠርግ አንዲት ጥግ አልፌ አላውቅም፤ ኀላፊዬ «መልኬ፣ ዳይ፣ ይበቃል፣ ነጽቷል» ይለኝ ነበር።

«ኑ፣ ቀጥል አባባ፣ እየቀረጽኩ ነው» አለች አቪታል እንደ ልማዷ ዕብራይስጥ እየቀላቀለች።

«ጉማሬ አልነበረም» አልኳት።

«ማ? ምን?»

«አልነበረም። ቀይ ጨርቅም አልነበረም።» ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩን ቀስ ብላ አወረደችው።

«ለሱ ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም።»

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ስልኩን መልሳ አነሳች። «ቤሰደር፣ እሺ። እንፈልገው። እሱ ባይኖር ልጆቹ ይኖራሉ። ሙሉጌታ ማን?»

ምን እንደምበላ፣ በስንት ሰዓት ቤቴ መግባት እንዳለብኝ ያውቅልኝ የነበረውን ሰው የአባቱን ስም እንኳ ጠይቄው አላውቅም። ሙሉጌታ የሚባል ሰው በኢትዮጵያ ስንት ነው?

ለመጪው ስግድ ልጆቼ ሲጠይቁኝ ለሁሉም እንዲህ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። እንደማይስቁ አውቃለሁ። ይህንንም በዚች በለቀምኳት ፊደል የጻፍኩት ምናልባት አባታቸው አውሮፕላን ያበር የነበረ፣ ዓይኔ ከዳኝ ብሎ የተወ፣ በእነዚያ ልጆች እጅ ቢገባ ብዬ ነው። የአባታችሁ ዓይን ደህና ነበር። ጨርቁ ነጭ ነው።