ሜትር ከሠላሳ

ደረት ይሉታል። ስም አጥቶ አይደለም፤ እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ አለ። ግን ደን ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ከርሞ የመጣበትን ስም ይዞ የሚወጣ ሰው የለም። የደን ቴክኒሺያን የዛፍን ውፍረት የሚለካው ከሥሩ አይደለም። የዛፍ እግር ተንሰራፍቶ የሚቀመጥ ነውና ከልኩ በላይ ወፍሮ ይታያል። የሚለካው ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ሳንቲም ከፍ ብሎ፣ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ደረቱ በሚደርስበት ላይ ነው። በሙያው «የደረት ቁመት» ይባላል። እሱ ታዲያ ይህን ቃል ከአፉ አይነጥለውም ነበር። ቁመቱን ለጠየቀው ሁሉ «እስከ ደረቴ ሜትር ከሠላሳ፣ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ነው» ይላል። ደረት ብለው ሰየሙት። ታናናሾቹ ክብሩን ላለመንፈግ «ጋሼ ደረት» ይሉታል።

ሚስቱ የዚያው ደን ችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነበረች። ጥቁሩን ፕላስቲክ በአፈር ስትሞላ፣ ዘር ስትጥል፣ በጣሳ ውሃ ስታርከፈክፍ ድምጿ አያርፍም። ለችግኝ ማንጎራጎር ምን ይረባል እያለ ሲቀልድባት፣ ላንተም አንጎራጉሬልህ ነው የወፈርከው ብላ ታሳፍረው ነበር። በጣም የምትወዳት ዜማ ይህች ነበረች፤

ስንዝር ሙሉ ችግኝ፣ ባንድ እጄ የያዝሁህ፣
ነገ ሁለት እጄ፣ አይበቃም ሊያቅፍህ።

እሱ ሥራ በጀመረበት ክረምት ሰባት ቁጥር የሚባለው የደኑ ክልል በእሷ ችግኞች ተተከለ። ቁልቁለቱ ላይ ጉድጓድ የሚቆፍረው እሱ፣ ፕላስቲኩን ቀዳ ችግኙን የምታቀብለው እሷ። በየጉድጓዱ እጃቸው ተነካካ፤ መጀመሪያ በስህተት፣ ኋላ ሆን ብለው። ዝናቡ ሳያባራ ተጫጩ። ስለዚህ ደረት ሰባት ቁጥርን ሲያይ ጥድ ብቻ አይታየውም። ያ ክረምት ተሰልፎ ቆሞ ይታየዋል።

የኮቱን ቀይ ቁልፍ የተከለችለትም እሷ ናት። ደንቡ ልኬት በዱላ ይሁን ይላል፤ ሜትር ከሠላሳ የሆነ ዱላ ከዛፉ ጋር አቁሞ ሜትሩን በጫፉ ትክክል መጠምጠም። ግን ገደል ለገደል ዱላ ይዞ የሚዞር ቴክኒሺያን የለም። ሁሉም የገዛ አካሉን ያውቃል። አንዱ በኪሱ አፍ ይለካል፣ ሌላው በብብቱ። እሷ አንድ ቀን ባሏን ቤታቸው ሲሚንቶ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችና ከወለሉ ወደ ላይ ለካች። ከራሷ ሹራብ የነቀለችውን ቀይ ቁልፍ ከሥራ ኮቱ ሦስተኛ ቁልፍ ቦታ ላይ ተከለች። ክሩን በጥርሷ በጥሳ እንዲህ አለችው፤

«ከእንግዲህ ዱላህ እኔ ነኝ።»

ያቺ ሴት ከሞተች ስምንት ዓመት ሆናት። ሳንባዋ ነው። ኮቱ ሲያልቅ ቁልፉ አያልቅምና፣ ልብስ ሰፊ የሆነችው ልጃቸው በየጊዜው እየፈታች ወደ አዲሱ ኮት ታሻግረዋለች። ከድሮው ኮት አንገት እስከ ቁልፉ ለክታ፣ በአዲሱም ላይ ያንኑ ያህል ወርዳ ትተክለዋለች። አንድም ቀን ከወለሉ አልለካችም። ማንስ አስቦት?

ከአራት ዓመት በፊት ነፋስ የሰበረው ቅርንጫፍ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሰንብቶ ጀርባው ላይ ወረደበት። ሦስት ወር ተኛ። ሲነሳ ጀርባው እንደ ማጭድ ሆኗል። ጓደኞቹ አሁን የወደቀብህን ዕቃ ፈልግ እያሉ ቀለዱበት፤ አብሯቸው ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰው መጉበጡን እንደ ሌላ ሰው ጉብጠት ከውጭ አያየውም። ውስጡ ሆኖ ሲኖርበት ቀጥ ያለ ይመስለዋል።

ባለፈው ዓመት የሰባት ቁጥር ልኬት ተራ ደረሰ። ድሮ በየዛፉ ላይ የልኬቱን ቦታ የሚያሳይ ነጭ የቀለም ቀለበት ነበር፤ ቀለም መምጣት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፣ ቅርፊቱም ተልጦ ረግፏል። ደረት እንደ ልማዱ ደረቱን ከግንዱ አስጠግቶ፣ በቀዩ ቁልፍ ትክክል ሜትሩን እየጠመጠመ ለናሙና የተመረጡትን ስድሳ ዛፎች ለካ። ከዙሪያቸው የተሰላው የውፍረታቸው አማካይ አርባ ሳንቲም ከሁለት ሚሊ ወጣ። አርባ የሞላ ክልል ይቆረጣል፤ ያልሞላ ለአሥር ዓመት አይነካም። ሕጉ ይኸው ነው፣ አጭር ነው፣ ዘመድ የለውም።

አሥር ዓመት ቢሰጡት እሱም እስከዚያ ከሚስቱ ጎን ይተኛ ነበር፤ መጋዙን ሳይሰማ። ግን ቁጥር ቁጥር ነው ብሎ ፈረመ። ውሳኔው ሲመጣም ምልክት የሚያደርገው ራሱ ነበር። የሚቆረጥ ዛፍ ሁለት ቦታ በመጥረቢያ ይላጣል፤ አንዱ ደረቱ ላይ፣ አንዱ እግሩ ላይ። በሁለቱም ላይ የቴክኒሺያኑ ቁጥር ያለበት የብረት መዶሻ ያርፋል። የደረቱ ማህተም ከግንዱ ጋር ይሄዳል፤ የእግሩ ጉቶው ላይ ይቀራል፣ ማን እንዳስቆረጠው እንዲመሰክር። የደረት መዶሻ ቁጥሩ አሥራ አራት ነው። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ዛፎች መታ። ለእያንዳንዱ ይቅርታ እያለ ነበር አሉ።

ቆራጮቹ ሰኞ ሊገቡ፣ ቅዳሜ ዕለት አዲስ የደንብ ልብስ ታደለ። ልጁ ስፌት ቤቷ ውስጥ ከመኪናዋ ጎን አቆመችው። ግድግዳው ላይ የደንበኞች ልብስ በሚስማር ተሰቅሏል፤ ወለሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ተንበርክካ፣ መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ነክሳ፣ ጉልበቱን አልፎ የወረደውን ኮት ታጥፋለች። ልኩ ያው የድሮው ነው።

«ሰፊው አልተሳሳተም» አለች በጥርሷ መካከል። «ወይ አንተ አጥረሃል፣ ወይ ወለሉ ከፍ ብሏል።»

ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። አሮጌው ኮት ወንበር ላይ ነበር። አዲሱን አውልቆ እሱን ለበሰና ቆለፈው።

«ከወለሉ እስከ ቀዩ ቁልፍ ለኪልኝ።»

«ለምን?»

«ለኪልኝ ብቻ።»

ለካች። መቶ አሥራ አራት አለች። እንደገና እንድትለካ ለመናት፤ ጫማውንም አላወለቀም፣ ያው መቶ አሥራ አራት። ምን ሆንክ አባዬ ብላ ቀና ስትል፣ ምንም አልሆንኩም፣ ወለሉ ነው ከፍ ያለው ብሏት ወጣ።

አሥራ ስድስት ሳንቲም። አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። አራት ዓመት ሙሉ የዛፎችን ደረት የለካ እየመሰለው ወገባቸውን፣ ወደሚያብጠው እግራቸው የተጠጋውን ሲለካ ኖሯል። መንገዱን እንዴት እንደሄደው አያውቅም። አንዲት ግጥም ብቻ በጥርሱ መካከል ትመላለስ ነበር፣ የሱው፤

ሰው ሲያረጅ ይጎብጣል፣ ዛፍ ሲያረጅ ይቀናል፣
አጭሩ ረጅሙን፣ እንዴት ይለካዋል።

እሁድ ሲነጋ ዱላ ቆረጠ። ሜትር ከሠላሳ፣ በብረት ሜትር ሦስት ጊዜ አረጋግጦ። ሰባት ቁጥር ገብቶ ስድሳዎቹን ዛፎች አንድ በአንድ እንደገና ለካ። የመታቸው ማህተም ገና ሙጫ ያለቅሳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግንድ ተደግፎ ደመረና አካፈለ። ሠላሳ ስምንት ተኩል። አንድ ሳንቲም ተኩል ጎደለ፤ አሥር ዓመት ተረፈ። የተረፈውን ደግሞ እሱ በመዶሻው ለመጋዝ ሰጥቶታል።

ሰኞ ጠዋት የደኑ ኃላፊ ቢሮ ከመከፈቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኃላፊው በዕድሜ ልጁ ይሆናል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው። ወረቀቱን አነበበ፣ ገለበጠ፣ ጀርባው ላይ ሌላ መልስ የሚያገኝ ይመስል እንደገና ገለበጠ። መቁረጡን የፈረመው የበላይ ቢሮ መሆኑን፣ ደብዳቤ ወጥቶ ደብዳቤ ካልወረደ እሱ አንድ መጋዝ ማስቆም እንደማይችል አስረዳ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይኼን ከጻፉ ሰባት ቁጥር ብቻ አይደለም የሚነሳው። የአራት ዓመት ልኬትዎ ሁሉ ይወድቃል። እርስዎም አብረው።»

«እኔ ከወደቅኩ አራት ዓመቴ ነው» አለ ደረት። «ወረቀት ስጠኝ።»

ጻፈ። በሠላሳ አንድ ዓመቱ እንደዚያ ቀን ጽሑፉ አምሮ አያውቅም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ዱላ አልያዝኩም፣ በልብሴ ቁልፍ ለካሁ አለ። ቁልፉን ማን እንደተከለውና ማን እንዳሻገረው አልጻፈም።

ከዚያ ወደ ቆራጮቹ አለቃ ሮጠ፤ ጎባጣ ሰው በሚሮጠው ሩጫ። አለቃውን ዘጠኜ ይሉታል፤ አንድ ጣቱን መጋዝ ወስዶበታል። ድሮ አብረው በልተዋል፣ አብረው ቀልደዋል። ደብዳቤው እስኪመለስ እንዲያዘገይለት ለመነው። ዘጠኜ የመጋዙን ሰንሰለት በሞረድ እያሾለ፣ ቀና ሳይል ጠየቀው።

«ዛፉ ላይ ያለው አሥራ አራት የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ? እኔ ዛፍ አላውቅም፣ ያንተን ቁጥር ነው የማውቀው።»

ሞረዱን ግን አስቀመጠና ጣት በጎደለው እጁ ወደ ላይ አመለከተ። ከአናት እንጀምራለን፣ ከችግኝ ጣቢያው ጎን ያለውን መጨረሻ አደርግልሃለሁ አለ። ከዚያ በላይ የሚሰጠው አልነበረውም።

ደብዳቤው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። አሥራ አንዱንም ቀን ደረት ከበታች በኩል፣ ድሮ ሚስቱ ችግኝ ታቀብልበት በነበረው አፋፍ ላይ ተቀመጠ። መጋዝ ሲጮህ፣ ሲያቃስት፣ ዝም ሲል፣ ከዚያ ምድር ስትመታ ይሰማል። መጀመሪያ ይቆጥር ነበር። ኋላ መቁጠሩን ተወ፤ እሷ በሆዱ ስታንጎራጉር ቁጥሩ እየጠፋበት። በየቀኑ ሰማዩ ወደ እሱ እየቀረበ መጣ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ኃላፊው ራሱ ወረቀት እያውለበለበ ደረሰ። ወረቀቱ አጣሪዎች መጥተው የቆመውንም የወደቀውንም በዱላ ለክተው ሠላሳ ስምንት ተኩል ማግኘታቸውን፣ መቁረጡ እንዲቆም መወሰኑን ይላል። ታችኛው መስመር ላይ የቴክኒሺያኑ መታገድ አለ። ዘጠኜ መጋዙን አጠፋ። ከስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ ሰባ አንድ ቆመው ነበር።

ደረት መዶሻውን አስረከበ። ንብረት ክፍሉ ብረቱን ተቀብሎ ቁጥሩን አነበበና መደርደሪያ ላይ ጣለው። ወደ ቤት ሲመለስ በተቆረጠው መካከል አለፈ። አምስት መቶ አርባ አንድ ጉቶ፣ እያንዳንዱ እግሩ ላይ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት። እንደ እሱ ብዙ ቦታ የፈረመ ሰው በዚያ አገር አልነበረም።

ለልጁ ምንም አልነገራትም። ጡረታዬ ቀርቧል፣ አሳርፈውኛል ብቻ አላት። እሷ ግን ስፌት ቤት ናት፤ ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው ልብስ ሰፊና ፀጉር ቆራጭ ዘንድ ነው። ከሳምንት በኋላ አሮጌውን ኮት ወሰደችና አዲሱን አጥፋ አመጣችለት። ሲለብሰው ሦስተኛው ቁልፍ ጥቁር ነው። ቀዩ የለም። እጁ ደረቱ ላይ ሲፈልግ፣ እሷ ቀረብ ብላ የኮቱን አንገት ሰበሰበችና ቆለፈችለት። ቀዩ ቁልፍ ጉሮሮው ላይ ነበር።

«አሁን ሜትር ከሠላሳህ እዚህ ነው አባዬ» አለች። «ከወለሉ ነው የለካሁት።»

ዓይኗ ቀልቷል። እሱ ያንቺ ጥፋት አይደለም እንደማለት ራሷን ዳበሳት።

ኃላፊውን አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ የበሩ አጥር ሲቀባ የተረፈውን ነጭ ቀለም። ተሰጠው። ዱላውንና ጣሳውን ይዞ ሰባት ቁጥር ገባ። ከኋላው የሚመጣ ማንም ቴክኒሺያን በገላው እንዳይለካ፣ በቀሩት ዛፎች ደረት ላይ ቀለበት ሲቀባ ዋለ። ዱላውን ያቆማል፣ ያጎነብሳል፣ ሁለት እጁን ዙሪያውን ይልካል። እጁ ከእጁ አይገናኝም፤ ሚስቱ እንዳንጎራጎረችው አልበቃም።

ሰባኛው ላይ ቀለሙ አለቀ። ጣሳውን ቧጠጠ፣ በብሩሹ ጠረገ፣ ምንም የለም። ሰባ አንደኛው ዛፍ ብቻውን ቀረ፤ ከአፋፉ ጫፍ የቆመው፣ መጀመሪያ የተተከለው። ደረት ብሩሹን ጣሳው ውስጥ አኖረ። ዱላውን መሬት ላይ አጋደመ። ቀረበና አቀፈው፣ አቅሙ እስከቻለ ድረስ። ቀዩ ቁልፍ ቅርፊቱን ነካ፤ ልክ ሜትር ከሠላሳ ላይ።