የመምህር ዳዊት ሆትስፖት

ከቤሌ ከተማ ወጣ ብላ ካለችው መንደራችን ለስደት የወጣሁ ለታ ማታ ቤታችን በሰው ጢም ብሎ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸለዩልኝ፤ ባለቤቴ ምህረት ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። እኔ ሞኙ ግን ጎረቤታችንን መምህር ዳዊትን ወደ ደጅ ጎትቼ «ወንድሜ፣ አደራ!» እለዋለሁ። መንደራችን ረባዳ ላይ ስለሆነች የምህረት ስልክ ኔትወርክ የሚባል ነገር አይይዝም። የእሱ ስልክ አዲስ ነው፣ የትም ያገኛል። እሱ ሆትስፖት ይከፍትላታል፣ ከአጥራችን ስለማያልፍ እሷ አጥሩ ሥር ቆማ ከስልኩ ወደ ስልኳ ኢንተርኔት ትቀበላለች፣ እኔን ታየኛለች ማለት ነው። «እኔ እያለሁ ምን ችግር አለ!» አለኝ። እኔ እያለሁ! አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሶዶ፣ ሞያሌ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አታንሱብኝ። ብቻ እግዚአብሔር ይመስገን ጆሃንስበርግ ገባሁ። ስፓዛ የሚሏት ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ዳቦና ሳሙና እሸጣለሁ። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ ቅቤ የለው፣ የሚያቃጥል ዳጣ የለው፣ እንዲሁ ይውጡታል። ብርዱስ ብትሉ! የዳሞታ ተራራችን ብርድ እኮ ዘመድ ነው። ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልኩት ዳዊትን ነው።

ሁለቱ ስልኮች ሲራራቁ የምህረት ፊት ይቆራረጣል፣ ሲቀራረቡ ጥርት ይላል። እዚህ ሆኜ የሚስቴን ፊት እያየሁ ጎረቤቴ ምን ያህል እንደቀረባት አውቃለሁ! መጀመሪያ ብዥ ትል ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ቁልጭ ብላ ታየችኝ።

«ምነው ዛሬ?» አልኳት።

«ዝናብ ስለሆነ መምህር በረንዳ ላይ ተጠለዪ ብሎኝ። ደግ ሰው ነው፣ አመስግነው እንጂ!»

ጥርሴን ነክሼ «ተባረክ ወንድሜ» አልኩ። እሱም ከስክሪኑ ጫፍ ብቅ ብሎ «አሜን» አለ። ቀናሁ። አዎ፣ ቀናሁ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ፤ ስለ ሩቅ ባል ግን ማንም ምንም አላለኝም።

ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ግድግዳውን በቡጢ እየመታሁ ስጮህ አከራዬ በሩን ደበደበች።

«ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«ከጎረቤቴ ስልክ ጋር፣ ማማ። ሚስቴ አጠገብ ተቀምጧል።»

«ታዲያ እሱን አገርህ ሂድና አስነሳው፤ የኔን ግድግዳ ምን አስነካህ?»

ባለፈው እሁድ ከቸርች መልስ ደወልኩ። ምህረት ወዲያው አነሳች። እንደዚያ ጥርት ብላ አይቻት አላውቅም፤ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ይቆጠራል።

«የት ነሽ?»

«ቤት ነኛ።»

«የማን ቤት?»

«ውይ፣ የኛ ቤት ነዋ! የማን ይሆናል?»

እውነቷን ነው፤ ከኋላዋ የሠርጋችን ፎቶ ይታያል። እዚያ ቤት ኔትወርክ የሚገባው የዳዊት ስልክ ከገባ ብቻ ነው። ስልኩን አውሷት ይሆናል እላለሁ። ስልኩን ይዞ ገብቶ ይሆናል እላለሁ። «ዳዊት የት ነው?» ልላት አልኩና መልሱን ፈራሁት።

«ሄሎ! ምነው ዝም አልክ? ኔትወርኩ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት፣ «ኔትወርኩ ነው።»