የማይጮኸው ውሻ

ሱዳን አገር፣ ካፉሪ በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ስሠራ ዕረፍቴ ጁምዓ ብቻ ነበረች። ሞባይል በየሰዉ እጅ መግባት የጀመረበት ሰሞን ነው። ከአሠሪዎቼ ቤት ጎን የምትኖር አንዲት ሱዳናዊት የእንስሳት ሐኪም፣ ከጥቂት ጓደኞቿ ጋር ሆና የተጎዱ የመንገድ ውሾችን በግቢዋ ታስጠጋ ነበር። አንድ ቀን የታመመ ቡችላ እንድይዝላት ጠራችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ጁምዓ እሷ ዘንድ መሄድ ለመድኩ። ለዕረፍት ቀናችን ዴም የሚባል ሰፈር ውስጥ አብራኝ ክፍል የተከራየችው የአገሬ ልጅ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። ውሻ የነካው ልብስ ቤት እንዳይገባ ስላለችኝ፣ የሥራ ቀሚሴን እዚያው ሰቅዬ፣ ታጥቤ ነበር የምሄደው።

ከሁሉም የማልረሳው አንድ ቡናማ ውሻ ነው። ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ ድልድዩ አጠገብ አምጃድ የምንላት ትንሽ ታክሲ ገጭታው፣ የኋላ እግሩ ተሰብሮ መጣ። ሐኪሟ እግሩን በጀሶ ስታስረው ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንዴም አላቃሰተም። እያደር ስናየው ጭራሽ ድምፅ የሚባል የለውም፤ ሌሎቹ ግቢውን በጩኸት ሲያናጉት እሱ ጅራቱን ብቻ ይቆላል። ከዳነ በኋላም የሚወስደው ሰው ጠፋ። እኔ ብወስደው ደስ ባለኝ፣ ግን የት ላኑረው?

በመጨረሻ ባሕሪ፣ ፋብሪካዎቹ ሰፈር፣ አንድ ጋራዥ የሚጠብቁ ሽማግሌ ሐጅ ውሻ ፈለጉ። ሐኪሟ እንደማይጮህ አስቀድማ ነገረቻቸው። ሲለምድ ኢንሻአላህ ይጮሃል ብለው ተቀበሉን። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ። ዘበኛ ውሻ ካልጮኸ ምን ይሠራልኛል፣ ኑና ውሰዱልኝ አሉ።

በሚቀጥለው ጁምዓ በሐኪሟ መኪና ሄድን። ሐጁ ጋራዡ በር ላይ የገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ውሻው እግራቸው ሥር ተጋድሟል። ሲያየኝ እያነከሰ መጥቶ እጄን ላሰኝ። አንገቱ ላይ ገመድ አሰርኩለት። ወደ መኪናው ስስበው ግን ውሻው ቆመና ዞሮ አያቸው።

"ልጄ፣ በቃ ተዪው" አሉኝ።

ሐኪሟ ሐሳባቸውን የቀየሩ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"አልጮህ ካለ ምን ይደረጋል" አሉ። "ሌባ ሲመጣ እኔ እጮሃለሁ።"

ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ገመዱን ስፈታለት ተመልሶ አልጋቸው ሥር ገባ። ሻይ ሳትጠጡ አትሄዱም ብለው ያዙን። ፀሐይዋ እስክትበርድ ተቀምጠን፣ ልጅ ሳሉ አባታቸው ያሳደጓቸውን ውሾች አንድ በአንድ አጫወቱን። እኔም ለመሄድ አልቸኮልኩም።