ጆሮ ጠቢውን በነጠላዬ ያሰርኩት ቀን

ትናንት ረፋድ ላይ... ቤቴ ውስጥ ከባሌ ጋር እያወራሁ ነው። በሬያችንን የንጉሡ ሰዎች መድፍ ይጎትታል ብለው መድፉ ወደሚሠራበት ወደ ጋፋት ነድተውብናል። እኔም ንድድ ብሎኝ «እስቲ ይኼ መድፋቸው ገብስ ሲያርስልን እናያለን!» አልኩ። በገዛ ቤቴ፣ ለገዛ ባሌ።

ያን ጊዜ ከግድግዳው ጀርባ አንድ ሰው አስነጠሰ...

ብወጣ ጋቢ የደረበ ሰውዬ ጆሮውን ከግድግዳችን እያነሳ ነው። ጆሮ ጠቢ! ያቺ ቃል ሹሙ ዘንድ ከደረሰች ባሌ እግር ብረት ይገባል፣ ቤታችንም ይወረሳል። ባሌ ከቤት ሳይወጣ ቀረ። እኔ ግን ጮህኩ።

«በንጉሥ አምላክ ቁም!»

በዚህ ተጠርቶ ያልቆመ ሰው ሸፈተ ማለት ነው፤ የንጉሡ ሰላይም ቢሆን። ቆመ። የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። በቃ፣ ዳኛ እስኪፈታን ቁራኛ ነን። ብቻውን ሄዶ ሹክ ማለት የለም!

«እሜቴ፣ አገሩ ሽፍታ በሽፍታ ሆኗል። እኛ ካልሰማን ማን ይጠብቃችኋል?» አለኝ።

«ገበያ ላይ ስማ፣ መንገድ ላይ ስማ፣ ማን ከለከለህ? ሽፍታ እኔ ምድጃ ሥር አይሸፍትም።»

እውነቱን ለመናገር ነገሩ አልጠፋኝም። ባለፈው በጋ የእብናት ከብት ሲዘረፍ ቀድሞ የሰማ ሰው ቢኖር ይተርፍ ነበር። ግን ጓዳዬ ጓዳዬ ነው።

ዳኛው ይፋግ ወርደው ነበርና እስኪመለሱ አብረን ዋልን። ውሃ ስቀዳ እንኳ ይከተለኛል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀብን። በኋላ አደባባዩ ዳር ተቀምጠን ስንጠብቅ አንዲት ሴት እየጮኸች መጣች... ሚስቱ ናት።

«አንተ! እዚህ ተጎልተሃል? በቅሎዬን ወሰዷት እኮ! ያ ንጉሥህ መንገድ እሠራለሁ እያለ አገሩን አራቆተው! እሱን ብሎ ንጉሥ!»

«ኧረ ዝም በይ!» አለ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

«አልልም! ደግሞ ይቺ ጋቢህ ላይ የተቋጠረችው ማን ናት?»

የኔ ቃል ከእሷ ቃል ጋር ሲተያይ ምርቃት ነበር። ሰውየው ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔም አየሁት። አሳዘነኝም፣ ሳቄም መጣ።

ዳኛው እንደመጡ ከግድግዳዬ ሥር አገኘሁት ብዬ ከሰስኩ። ወደሱ ዞረው «ከዚች ቤት ምን ሰማህ?» አሉት።

«ምንም አልሰማሁም ጌታዬ። ፀሐዩ ቢበረታብኝ ጥላ ፍለጋ ተጠግቼ ነው።»

«እኔም ምንም አልሰማሁም ጌታዬ!» አልኩ ፈጥኜ።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠየቀሽ?» ብለው ግራ ተጋቡ። ቋጠሮውን አስፈቱልን።

ሰውየው ሊሄድ ሲል ጠጋ ብሎ «እሜቴ፣ ሚስቴን ምን ልበላት?» አለኝ።

«ድምፅሽን ቀንሺ በላት። በየግድግዳው ሥር ማን እንዳለ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።»