ከጉርሻ በኋላ ሩብ ሰዓት

እናቴ ካዛንቺስ ውስጥ ምግብ ቤት ነበራት። አራት ጠረጴዛ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ ለምሳ የሚወጡ ደንበኞች፣ ከኋላ የእኛ ሁለት ክፍል። እኔ ደግሞ የምግብ ቤት ልጅ ሆኜ መብላት የማልችል ሆንኩ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው የጀመረኝ። በልቼ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከደረቴ አጥንት በታች ጨምድዶ ይይዘኛል፤ ጓሮ ወጥቼ ከሽንኩርቱ ጆንያ አጠገብ ጉልበቴን አቅፌ ካልተቀመጥኩ አይለቀኝም።

“ጨጓራ ነው” አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ለጨጓራ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። ደንበኛው ሁሉ ከሽሮው ቀና ብሎ ያዝዝልኛል፦ ተልባ፣ አብሽ፣ ቀዝቃዛ ወተት። ሁሉንም ጠጣሁ፤ ሁሉም አመመኝ። ሐኪሞቹም ከደንበኞቹ ብዙ አልራቁም። በአፌ ቱቦ አስገብተው አዩና “ንጹሕ ነው” ብለው የጨጓራ ክኒን ሰጥተው ሸኙኝ። የጎዳኝ ንጹሕ መባሌ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕመሜ የጠባይ ጉዳይ ሆነ።

እናቴን ያንገበገባት መክሳቴ ነበር። “የኔን ወጥ የሚበላ ሰው እንዲህ ይመነምናል? ደንበኛ ምን ይለኛል?” ትላለች። ስትናደድ ታጎርሰኛለች፤ ስታዝንልኝም ታጎርሰኛለች። አንድ ቀን እጇን ገፋሁት፤ ወጡ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማልበላ ግማሽ ቀን ሰው እሆናለሁ። ይህን ያስተዋለች እናቴ ለንስሐ አባታችን ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ጠበል እንድጠጣ አዘዙ። በየማለዳው በባዶ ሆዴ ከጀሪካኑ በጣሳ እየተቀዳ ይሰጠኛል። ብዙም ሳይቆይ ያው ጭምደዳ ይመጣና መሬት ላይ እጥፍጥፍ እላለሁ። ለጠበል የመጡት ሴቶች ከበውኝ እልል ይላሉ። “ተቃጠለ፣ ሊወጣ ነው፣ ጨምሩላት!” ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእናቴ ድምፅ ነበር።

“ውሃው ራሱ ነው የሚያመኝ” አልኩ። “የያዛት መንፈስ ነው የሚናገረው” አሉ። ከዚያ በኋላ ምንም ብናገር የእኔ ቃል መሆኑ ቀረ። እናቴን ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ብሏት አየኋት፤ ልጇ ለካ ወጧን የናቀች ሳትሆን የተያዘች ናት። ደስታዋን ላለመንጠቅ ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ራሴን እረግማለሁ።

ምግብ ቤቱ ፈረሰ፣ ኮንዶሚኒየም ገባን። እኔ ለገሃር አካባቢ ቢሮ ገብቼ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ የበዛብኝ እየመሰልኩ ዓመታት አለፉ። ሠላሳ አምስት ሲሞላኝ፣ አልትራሳውንድ የሚያነሱ አንድ አዛውንት ሐኪም “ትንፋሽሽን አውጪና ቆዪ” አሉኝ። ቀጥለው “አሁን ሳቢ።” ይህን ከዚያ በፊት ማንም አዞኝ አያውቅም። ደጋግመው አዩ።

“ጨጓራሽ ምንም የለውም” አሉኝ። “ለጨጓራና ለጉበት ደም የሚያደርሰውን የደም ሥር አንድ ጅማት ተጭኖታል። ትንፋሽ ስታወጪ ይባስ ይጠባል። የሚፈልገው ሰው ስለሌለ ነው ያልተገኘው።”

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሕክምናውን ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ጅማቱን የሚቆርጥ ሐኪም እዚህ አያውቁም፤ ውጭ ሄደው ከተቆረጠላቸውም ያልተሻላቸው አሉ፣ እንደኔ የቆየበት ደግሞ ተስፋው ያንሳል። የውጭው ነገር ለእኔ ወሬ ብቻ እንደሆነ እሳቸውም አላጡትም።

ሐኪሙ የሰጡኝን የውጤት ወረቀት ለእናቴ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት።

“ያኔ ጠበሉን ስትጠጪ የወደቅሽው…”

“ይኸው ጅማት ነው፣ እማዬ። ሆዴ ሲሞላ ነው።”

“ጨምሩላት ያልኩት እኮ እኔ ነኝ።”

ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። እናቴ ይቅርታ መጠየቅ አታውቅበትም፤ የምታውቀው ማጉረስ ነው። በትንሽ ሳህን ሽሮ ይዛ መጣች፣ የጣት ጫፍ የምታህል ጉርሻ ጠቀለለችና “ይቺን ብቻ” አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ከዋጥኩ በኋላ ሁለታችንም የግድግዳውን ሰዓት እያየን ተቀመጥን።